አሸዋ ላይ ሞተር የሚያጥፈው የኋላው ጎማ ነው

(ሸዋ ሮቢት ላይ ለወረዳ ባለሙያዎችና ለከተማው ሞተረኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

እንደምን አረፈዳችሁ! በሩ ጋ የቆማችሁ፣ ከፊት ወንበር አለ፤ ግቡ፣ አትፈሩ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስለ መንጃ ፈቃድና ጠጥቶ ስለ መንዳት ሌላ ቀን ሌላ ሰው ይነግራችኋል። እኔ የተጠራሁት ለአንድ ነገር ነው። ሞተር አሸዋ ላይ ቀጥ ብሎ እየሄደ ቆይቶ ኩርባ ላይ ሲደርስ ለምን ይጥላል? ምን ብናደርግስ አይጥልም?

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ቀሪውን ሰዓት እንከራከርበት። አሸዋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለን ፍጥነቱ አይደለም። የሚጥለን ኩርባው መሀል ላይ ስንፈራ የምናደርገው ነገር ነው። ነዳጁን እንዘጋለን፣ የፊት ፍሬን እንይዛለን፣ መሪውን እንጠመዝዛለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክብደቱን ወደ ፊት ጎማ ይልኩታል፤ ሦስተኛው ያንኑ ክብደት የተሸከመውን ጎማ በጎኑ አሸዋ ውስጥ ይሰካዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ሰውየው ልብሱን እያራገፈ ተነሥቶ «አሸዋው ያዘኝ» ይላል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሞተር የለመደ ሰው ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣው መገመት አያስቸግርም። ከጭቃ ነው። እነዋሪና ደነባ አካባቢ በክረምት የነዳ ሰው፣ የሞረትና ጅሩን መረሬ አፈር የቀመሰ ሰው፣ ጭቃ የሚያስተምረውን ትምህርት በሚገባ ተምሯል። ዝግ በል፣ ነዳጁን በቁጥ ቁጥ ስጥ፣ እግርህን መሬት ላይ እየጎተትክ እለፍ ይለዋል ጭቃው። ለጭቃ ልክ ነው። ያ ሰው ታዲያ ጣርማ በር ላይ ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲናን ወርዶ እዚህ ቀወት ይደርሳል። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ሙቀት ሲወርድ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ልማዱን ግን እንደ ለበሰው ነው። ጭቃ ያዳነውን ሰው አሸዋ የሚጥለው በዚያው በለመደው ዘዴ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከደጋ የመጣችሁ ባለሙያዎች ከቆለኞቹ ይልቅ ብዙ ሥራ አለባችሁ፤ እነሱ የሚማሩት አዲስ ነገር ብቻ ነው፣ እናንተ ደግሞ የምትተዉት አለ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ከደጋ ሲወርዱ ሞተሩም ጉልበቱ ይለወጣል። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር የሚያቃጥለው አየር ያንሰዋል። እዚህ ሲወርድ አየሩ ይወፍርለትና ያው ሞተር ያው እጅ ባዞረው ነዳጅ በርትቶ ይጎትታል። ከላይ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው አሸዋ ላይ የኋላ ጎማው ሳያስበው ቢፈተለክበት አይደንግጥ፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ነድቶ እጁን ያስለምድ።

አሁን ወደ ፊት ጎማው። ትንሽ ታገሡኝ፣ ይህን ክፍል የገባው ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል።

የሞተር የፊት ሹካ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ የተሠራው ለውበት አይደለም። መሪው የሚዞርበትን ምሰሶ በሐሳባችሁ እስከ መሬት ብታስረዝሙት፣ መስመሩ መሬት የሚነካው ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ጎማው ሁልጊዜ ከመስመሩ ኋላ እየተጎተተ ይሄዳል። የሚጎተት ነገር ደግሞ ራሱን ያቃናል። አስፋልት ላይ መሪውን ላላ አድርጋችሁ ብትይዙት ሞተሩ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ለዚህ ነው። አሸዋ ላይ ጎማው ይሰምጣል። ሲሰምጥ አሸዋው ጎማውን የሚገፋው ከሥሩ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከፊት ለፊቱም ይሆናል። የሚቋቋመው ኃይል ወደ ፊት በሸሸ ቁጥር ያ ራሱን የሚያቃናበት ጉልበት እየደከመ ይሄዳል። ትንሽ ጠምዘዝ ስታደርጉት ከጎኑ አሸዋ ይከመርበታል፤ የተከመረው አሸዋ ደግሞ ይበልጥ ይጠመዝዘዋል። እናንተ አምስት ዲግሪ አዝዛችሁ አሸዋው ሠላሳ ያደርገዋል ማለት ነው።

ገበሬው ማረሻውን ሲጫነው እንደሚሰርግ፣ የፊት ጎማም ሲጫኑት ይሰርጋል። ነዳጅ ስትዘጉ የሞተሩ አፍንጫ ሲያጎነብስ ይታወቃችሁ የለ? እሱ ነው መጫኑ። በተቃራኒው ነዳጅ ስትሰጡ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊት ጎማው ከመስረግ ይልቅ አሸዋው ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። ስለዚህ አሸዋ ላይ የፊት ጎማ ሥራው አቅጣጫ ማመልከት ነው። ማጠፉን የሚሠራው የኋላው ነው፤ ሞተሩ ጋደል ብሎ ሳለ የኋላ ጎማው እየገፋ ዙሪያውን ያመጣዋል። መሪያችሁ ቀኝ እጃችሁ ውስጥ ያለው ነዳጅ መስጫ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

እንግዲህ አንድ ኩርባ አብረን እንሂድ። ከሮቢ ወንዝ ዳር ወደ ማሾ ማሳው የሚወርደውን ዓይነት መንገድ አስቡ፤ ቀጥታ ይመጣል፣ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ አሸዋው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል።

በቀጥታው ላይ ቁሙ። መርገጫው ላይ ቁሙ፣ ጉልበታችሁ ሰልባትዮውን፣ የነዳጅ ጋኑን ማለቴ ነው፣ ይያዝ፣ እጃችሁ መሪውን አይነቅ። ሞተሩ ከሥራችሁ ግራ ቀኝ ይዋልል፤ ተዉት፣ እሱ መንገዱን እየፈለገ ነው። እጁን አጠንክሮ ለማቃናት የሚታገል ሰው በመቶ ሜትር ውስጥ ክንዱ ይዝላል፤ ሞተሩም ያው መዋለሉን አይተውም። ዓይናችሁ ከጎማው ፊት ለፊት ካለው አሸዋ ይነሣና ኩርባው ላይ፣ ከኩርባውም ወዲያ ይሁን።

ፍሬን የሚያዘው እዚህ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ሲሆን ሲሆን ፍሬን ብዙም አያስፈልግም፤ አሸዋው ራሱ ፍሬን ነው። አስፋልት ላይ ፍሬን ከምትይዙበት ቦታ ይልቅ ወደ ኩርባው በጣም ቀርባችሁ ነዳጁን ቀነስ ብታደርጉት ይበቃል፣ በኋላ ፍሬን ትንሽ ታግዙታላችሁ። የፊቱን ፍሬን ልምድ ያለው ሰው በአንድ ጣት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ብቻ ይነካዋል። ጀማሪ ከሆናችሁ እጃችሁን ከፊት ፍሬኑ ላይ አንሡ፣ ጣታችሁ እዚያ ካለ ስትፈሩ መጨበጡ አይቀርም። ማርሽም እዚሁ ተቀይሮ ይለቅ። ኩርባ መሀል ማርሽ መቀነስ ነዳጅ ከመዝጋት አይለይም። በትንንሾቹ ሞተሮች ሁለተኛ ማርሽ ነው የሚሆነው፤ ሜዳው ሰፊ ከሆነ ሦስተኛ። አንደኛ ማርሽ የኋላውን ጎማ ያፈትለዋል፣ ይቆፍራል።

መግቢያውን ሰፊ አድርጉት። ወደ ግራ የሚታጠፍ ከሆነ ከቀኝ ዳር ጀምሩ። አሸዋ ጠባብ መታጠፊያ አይወድም። ክብ የሆነ፣ ረጅም፣ ያልተቆረጠ ኩርባ ይፈልጋል። ደረቅ መሬት ላይ በአንድ ነጥብ ቁርጥ አድርጋችሁ ልትታጠፉ ትችላላችሁ፤ እዚህ ያንን ከሞከራችሁ የፊት ጎማው ነው የሚቆረጠው።

ማጋደል ስትጀምሩ የኋላው ጎማ መሳብ መጀመር አለበት። ይህ ነው ዋናው። ያጋደላችሁበት ቅጽበትና ነዳጅ የሰጣችሁበት ቅጽበት አንድ ይሁኑ። ብዙ አይደለም፤ ሰንሰለቱ እንዲወጠር፣ አፍንጫው እንዳያጎነብስ ያህል። ከዚያ እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ። መጨመርና መቀነስ፣ መጨመርና መቀነስ የሚባለውን ጨዋታ አሸዋ አይወድም።

አንዳንዱ ቆሞ ይታጠፋል፣ አንዳንዱ ተቀምጦ። ለሥራ የምትነዱ ሰዎች፣ ዝግ ባለ ፍጥነት፣ ቆማችሁ ብትታጠፉ እመርጣለሁ፤ ሞተሩን ከሥራችሁ ወደ ውስጥ ጋደል ታደርጉታላችሁ፣ እናንተ ቀና እንዳላችሁ ክብደታችሁን በውጭኛው መርገጫ ላይ ትጥላላችሁ። ወደ ግራ ስትታጠፉ ቀኝ እግር ይጫናል ማለት ነው። ይህ መጀመሪያ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ግን ጎማው አሸዋውን የሚነክሰው በዚህ ነው።

ፈጠን ያለ ሰው ይቀመጣል። የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ግን ክርክር አለ። በደረቅ መሬት የሞተር ውድድር የሚያዩ ልጆች ሯጮቹ ሰልባትዮው ላይ ወጥተው ሲቀመጡ አይተዋል፤ እዚያ የፊት ጎማው እንዲነክስ ይፈለጋል። አሸዋ ላይ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጡ። በጣም ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ደግሞ የፊቱ ከመቅለሉ የተነሣ አይታጠፍም፣ ኩርባውን ጥሎ ይወጣል። የውስጠኛው እግር ተዘርግቶ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት ጎማው እምብርት ይጠቁም፤ ጣቶቹ ቀና ይበሉ። መሬት አይንካ። ተጠባባቂ ነው። እግሩን አሸዋ ላይ ተክሎ ሊታጠፍ የሚሞክር ሰው ሞተሩ ወደ ፊት ሲሄድ እግሩ ወደ ኋላ ይቀርና ጉልበቱን ይጎዳል። ከጭቃ ከመጡት ልማዶች ሁሉ በጣም የምፈራው ይህን ነው። የውጭኛው ክርን ደግሞ ከፍ ይበል፣ እንዲያ ሲሆን እጅ መሪውን ለመግፋት ቦታ ያገኛል።

አሁን መሀል ኩርባ ላይ ናችሁ፤ የፊት ጎማው ሽርት አለባችሁ እንበል። እዚህ ላይ ሁሉም ሰውነታችሁ አንድ ነገር ይጮህባችኋል፤ «ዝጋ!» ይላል። አትዝጉ። ትንሽ ጨምሩ። ሲጨመር አፍንጫው ቀና ይልና ጎማው ከተሰካበት ይወጣል። ወደ ውጭ እየሰፋባችሁ ከሄደም ዝም ብላችሁ የበለጠ አጋድሉት፣ ዓይናችሁን መውጫው ላይ አድርጉ። ዓይን ትልቅ ነገር ነው። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ሞተር ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ዳር ላይ ያለውን ድንጋይ እያየ የሚታጠፍ ሰው ድንጋዩ ጋ ይሄዳል።

መውጫው ላይ ነዳጁ ሞተሩን ራሱ ያቃናዋል። መልሳችሁ መርገጫው ላይ ቁሙ።

ይህን ሁሉ ተናግሬ አሸዋ ሁሉ አንድ ነው ብላችሁ እንድትሄዱ አልፈልግም። የኛ አሸዋ የበረሃ አሸዋ አይደለም፣ የወንዝ ነው። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አታዬ፣ ሁሉም ከገደሉ ላይ ተወርውረው ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ያልቅና የተሸከሙትን ያራግፋሉ። በዚያኛው በኩል መርሐቤቴ የምትሠሩ ደግሞ ጀማና ወንጪት ዳር ያለውን ታውቁታላችሁ። ወንዝ አሸዋውን በዘፈቀደ አይበትንም። ሥርዓት አለው፣ ሥርዓቱን ያወቀ ሞተረኛ ገና ከዳር ሆኖ የት እንደሚያልፍ ያውቃል።

ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ ውኃው በውጭኛው ዳርቻ ይፈጥናል፣ በውስጠኛው ይዘገያል። ፈጣኑ ደቃቁን ጠርጎ ጠጠርና ድንጋይ ይተዋል። የዘገየው የያዘውን አሸዋ ያስቀምጣል። በበጋ ውኃው ሲሸሽ ታዲያ በውስጠኛው በኩል ያ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ነጭ የሚመስል የአሸዋ ጉብታ ይቀራል። ያምራል። መንገድም ያሳጥራል። አትግቡበት! ልል ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ታጥፋችሁ ልትወጡ ስትሉ ይይዛችኋል። የግድ ከገባችሁበት እንዳልኳችሁ ሰፊ ክብ አድርጋችሁ፣ ሳትቆሙ። ውጭኛውም ቢሆን ዳርቻው በውኃ የተቦረቦረ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋዩም ክብ ክብ ነው፣ ይንከባለላል። የተሻለው መሻገሪያ በሁለት ኩርባዎች መካከል ያለው ቀጥ ያለው ቦታ ነው፤ እዚያ ወንዙ ሰፋ ብሎ ጥልቀቱ ያንሳል፣ ታቹም ጠጠር ይበዛዋል። እረኞች ከብት የሚያሻግሩበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው።

ሁለተኛው ነገር እርጥበት ነው። ፍጹም ደረቅ አሸዋ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ብቻውን ይንከባለላል። ትንሽ እርጥበት ያለው ግን በቅንጣቶቹ መካከል የገባችው ስስ ውኃ እርስ በርስ ትስባቸዋለች፣ ጠንካራ ይሆናል፣ በልበ ሙሉነት ታጥፉበታላችሁ። ውኃው በዝቶ ክፍተቱን ሁሉ ሲሞላው ደግሞ ይህ ኃይል ይጠፋል፤ ጭራሽ ከደረቁ ይብሳል። ስለዚህ ውኃው ዳር ያለው መሬት ሁሉ ጠንካራ ነው ብላችሁ አትመኑ። ውረዱና በእግራችሁ ርገጡት። ከተረገጠ በኋላ ውኃ እያንጸባረቀ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተዉት። ደረቁን በእፍኛችሁ ጨብጡት፤ ሲለቁት ቅርጹን ከያዘ ይሸከማችኋል፣ በጣቶቻችሁ መካከል ከፈሰሰ አይሸከማችሁም። ማለዳ ላይ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ የላዩን እርጥበት ከጠጣው በኋላ ያው መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል። የመስክ ሥራችሁን ማለዳ አድርጉት የምለው ለሙቀቱ ብቻ አይደለም።

በበልግ ወራት ደግሞ አሸዋውን ትታችሁ ወደ ላይ ወደ ተራራው ተመልከቱ። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሞተር ይዞ ልምምድ ማድረግ፣ ፎቶ መነሣት፣ ጥላ ሥር ማረፍ በዚያ ወቅት አይገባም። ለዚህ ዘዴ የለውም፤ አለመግባት ብቻ ነው።

ሌላው የኛ አገር ልዩ ነገር ሲኖትራክ ነው። (ሳቅ) ትስቃላችሁ፣ ግን አሸዋ የሚጭኑት መኪኖች የወንዙን መንገድ ሁሉ ሁለት ቦይ አድርገውታል። ቦይ ውስጥ የገባችሁ እንደሆን መሪውን ይዛችሁ ለመውጣት አትታገሉ፤ ጎማው የቦዩን ግድግዳ ይልስና ይጥላችኋል። ቦዩ ውስጥ ቆዩ፣ መርገጫው ላይ ቁሙ፣ ሩቅ እዩ፣ ነዳጁ አይቋረጥ። መውጣት ካለባችሁ ቦዩ ጎኑ የተናደበትን ቦታ ጠብቁና በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ አቋርጡት። ኩርባ ላይ ግን እነዚሁ መኪኖች ውለታ ይውላሉ። ጎማቸው አሸዋውን ወደ ውጭ እየገፋ ዳር ላይ ግንብ ይሠራል። ያ ግንብ ደገፋችሁ ነው። ሰፋ ብላችሁ ገብታችሁ፣ መሀሉ ላይ ሁለቱም ጎማ ግንቡን ሲደገፍ ነዳጅ ስትሰጡ፣ ሞተሩ እንደ ልብ ይዞራል። ግንቡ ጫፉ ላይ ግን አትውጡ፤ ይናዳል።

የዓለም አሸዋ ሯጮች የሚኖሩበት ጥበብ ይህ ግንብ ነው። ቤልጅግ ውስጥ ሎሜል የሚባል የአሸዋ መወዳደሪያ አለ፤ ሞተሮቹ በዞሩ ቁጥር መሬቱ እየተቆፈረ፣ ግንቡ ቦታ እየቀየረ ስለሚሄድ ሯጩ በየዙሩ አዲስ መስመር መፈለግ አለበት። ፈረንሳይ ሰሜን ዳርቻ ሉ ቱኬ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በባሕር ዳር አሸዋ ላይ የሚካሄድ ውድድር አለ፤ ከ1000 የሚበልጡ ሞተረኞች አንድ ላይ የሚነሡበት ጊዜ አለ። አሥር ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስቴፋን ኤቨርትስ ቤልጅጋዊ ነው፣ አሸዋ ላይ የሚፈራው ጄፍሪ ሄርሊንግስ ሆላንዳዊ ነው። ሁለቱም አገሮች ሰፊ አሸዋማ መሬት አላቸው፤ ልጆቹ ገና ከትንሽነታቸው እዚያው ነው የሚለማመዱት። ይህን ያነሣሁት እኛም ሜዳው አለን ለማለት ነው። የእነሱን ቪዲዮ አይታችሁ ግን ፍጥነቱን እንዳትወስዱ፤ እግራቸውንና ክርናቸውን ተመልከቱ፣ ፍጥነቱን ተዉላቸው። እነሱ መንገዱ ላይ ፍየል አይገባባቸውም።

ስለ ሞተሩ ራሱ ባጭሩ። የጎማ ነፋስ ሲቀነስ ጎማው መሬት ላይ ይረዝማል፣ ክብደቱ ይበተናል፣ መስመጡ ያንሳል። ለውድድር የሚነዱት 12 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢና ከዚያም በታች ይወርዳሉ። ይህ እናንተን አይመለከትም፤ የእናንተ ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ነው፣ ዕቃ የጫነ ሞተር ነው፣ ከአሸዋው ቀጥሎም ድንጋይ አለ። እስከ 18 ወይም 16 ድረስ ቀንሱና አስፋልት ስትደርሱ ሙሉት። ከዚያ በታች ከወረደ ድንጋይ ሲመታው ቸርኬው ካላማዳሪያውን ይቆርጠዋል፤ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራቶም የካላማዳሪያውን አፍ ይነቅለዋል። የእጅ መንፊያ የማይዝ ሰው ጭራሽ አይቀንስ። የጎማ ጥርስ ረዘም ያለና የተራራቀ ይሁን፤ የአስፋልት ጎማ አሸዋ ላይ ይፈተለካል እንጂ አይቆነጥጥም።

ጭነት ዋና ነገር ነው። ያማሃ ኤጂ 200 ፊትም ኋላም ዕቃ መጫኛ አለው፤ ለእርሻ ታስቦ የተሠራ ሞተር ስለሆነ ነው፣ ሰንሰለቱንም በሽፋን ሸፍነውታል፣ ለኛ አሸዋ ትልቅ ጥቅም ነው። የፊተኛው መጫኛ ላይ ግን ወደ ቆላ ስትወርዱ ምንም ዕቃ አትጫኑ። ያ ሁሉ የተናገርኩት ስለ ፊት ጎማ መቅለል ነውና። የአየር ማጣሪያውን ከአሸዋ ጉዞ በኋላ አጽዱ፤ ሽፋን የሌለው ሰንሰለት ላይ ዘይት አታብዙ፣ አሸዋ ይሰበስብና ይሞርደዋል።

ልምምዱን እንዲህ ጀምሩት። ሰው የማያልፍበት፣ ድንጋይ የሌለበት ሜዳ ፈልጉ፤ ቆብ፣ ጓንት፣ ረጅም ጫማ አድርጉ። ሁለት ጀሪካን አራርቃችሁ አስቀምጡና በዙሪያቸው በሁለተኛ ማርሽ ሰፊ ስምንት ቁጥር ዙሩ። ነዳጁ አንዴም ሳይዘጋ ስምንቱን ስትጨርሱ ክቡን ትንሽ አጥብቡት። ወዲያው ከዙራችሁ ብዛት ዳሩ ላይ ግንብ ሲሠራ ታያላችሁ፤ ያኔ እሱን መደገፍ ተለማመዱ። የደከማችሁ ጊዜ አቁሙ፤ የደከመ ሰው ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ሰው መሪውን ይይዛል።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ።

አንዲት የጤና ባለሙያ፦ «ጋሼ፣ እኔ የክትባት ሳጥን ከኋላ አስሬ ነው የምሄደው። ቁሙ ይላሉ፤ ስቆም ሳጥኑ እየወዘወዘኝ መቆም አልቻልኩም።»

እህቴ፣ ሳጥኑ ወደ ኋላ ርቆ ታስሮ ይሆናል። ከኋላ ጎማው እምብርት ወዲያ የወጣ ጭነት ሞተሩን ይወዘውዘዋል። ወደ ወንበሩ አስጠግተሽ፣ ዝቅ አድርገሽ፣ በሁለት አቅጣጫ እሰሪው። ለመቆም ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ማለት የለብሽም፤ መቀመጫሽ ወንበሩን ለቆ ጉልበትሽ እጥፍ ካለ ይበቃል። ሳጥኑ ብቻ ሳይሆን ሰውም ከኋላ ካለ ግን አሸዋማው ኩርባ ላይ ይውረድና በእግሩ ይሻገር። ያኮርፋል። ያኩርፍ።

አንድ አባት፦ «ልጄ፣ የምትለው ሁሉ ነዳጅ ስጡ ነው። ቀስ ብሎ መሄድ አይሻልም ወይ? እነዚህ ልጆች ያንተን ሰምተው ከተማ ውስጥ ቢበሩብንስ?»

አባቴ፣ እውነትዎን ነው፣ ይህ መጠየቅ ነበረበት። ነዳጅ አይቋረጥ ማለትና በፍጥነት ሂድ ማለት ይለያያሉ። ኩርባው ውስጥ ቀስ ብሎ መግባት ይቻላል፤ ይገባልም። ቀስ ብሎ የገባ ሰው ነው እየጨመረ ሊወጣ የሚችለው። ፈጥኖ የገባ ግን መሀል ላይ ይፈራና ይዘጋል፣ ይወድቃል። ስለዚህ መቀነሱ ከኩርባው በፊት ይጨረስ ነው የምላቸው። ከተማ ውስጥማ አሸዋ የለም፤ እዚያ የሚበር ልጅ ከኔ የሰማው አይደለም። (ሳቅ)

አንድ ወጣት፦ «ከነጭራሹ ቢቀበርስ? እኔ ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር ይበልጥ ይገባል።»

እዚያ ላይ ነዳጁን ዝጋ፤ ከቆመ በኋላ ነዳጅ መስጠት ጉድጓድ መቆፈር ነው። የጎማው እምብርት አሸዋ እስኪነካ የሚታገል ሰው አይቻለሁ። ሞተሩን አጥፋ፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጋ፣ ውረድ። የጭስ ማውጫው ትኩስ መሆኑን አስበህ፣ እሱ በሌለበት ጎን ሞተሩን ቀስ ብለህ አስተኛው። የኋላ ጎማው ከጉድጓዱ ይወጣል። ጉድጓዱን በእግርህ አሸዋ ሙላበትና ርገጠው፣ ቅጠል ካገኘህ ጨምርበት። ከዚያ አንሥተህ አቁመው። ለጊዜው አትውጣበት፤ ከጎኑ ቆመህ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቅና አብረኸው ተራመድ። ጠንከር ያለ መሬት ስትደርስ፣ አፍንጫውን ወደ ምትሄድበት አቅንተህ፣ ያኔ ውጣ። ተኝቶ የነበረ ካርቡራተር ያለው ሞተር ቶሎ ካልተነሣልህ ቤንዚን በዝቶበት ነው፤ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ከፍተህ ያዝና ማስነሻውን ደጋግመህ ርገጠው።